ኦርቪል ከተጎታቿ ኋላ ሲቆም

ኦርቪል ታግርት ጡረታ የወጣ በያጅ ነው። አሪዞና በረሃ፣ እንደ ቤት የምንኖርባቸውን ቤት መኪኖቻችንን አቁመን በምንከርምበት ሰፈር፣ ስድስት ክረምት ጎረቤቴ ነበር። ስለ እሱ እኔ የምጽፈው ሌላ የሚጽፍ ስለጠፋ ነው።

በሰፈራችን ደንብ አለ። አንድ ሰው ትንሿን መኪናውን ከቤት መኪናው ኋላ አስሮ ሊወጣ ሲል፣ ጎረቤት ከኋላ ይቆማል። ሹፌሩ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ፍሬን ይሞክራል። የተጎታቿም መብራት አብሮ ከበራ ጎረቤቱ እጁን ያነሳል። የሚቆመው ሁልጊዜ ኦርቪል ነው። ሚስቱን ፐርልን የገደለቻት የፍሬን መብራት ያልነበራት ተጎታች ናት። በሞተር ብስክሌት ከኋላዋ ሲሄዱ ተጎታቿ ድንገት ቆመች። ፐርል ተፈናጥራ አስፋልቱ ላይ ጭንቅላቷ ተከፈተ፤ ያነሳት እሱ ነው።

ባለፈው መጋቢት ዱዌይን የሚባል ግዙፍ ሰውዬ ሊወጣ ተነሳ። የቤት መኪናው መብራት በራ፣ የትንሿ ግን ጭራሽ። ኦርቪል እጁን አላነሳም። ዱዌይን ወርዶ፣ ለሽቦ ብዬ አዲስ መኪና አልበሳም፣ የቤት መኪናው መብራት ይበቃል አለ። ኦርቪልም ትንሿ እኮ ትጋርደዋለች አለው።

«ዞር በል ሽማግሌ። ማን ፖሊስ አደረገህ?»

«ሚስቴን ከአስፋልት ላይ ለቅሜያለሁ» አለና፣ ተጎታቿ እንዳትሄድ ጎንበስ ብሎ መጎተቻው የሚያያዝበትን ወፍራም ብረት መዘዘ።

ዱዌይን አፉን በቡጢ አለው። ኦርቪል ወደቀ፤ ሁለት ጥርስ ተፋ። ተነስቶ በያዘው ብረት ክንዱን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ ድረስ ተሰማኝ። ዱዌይን በደህናው እጁ አንገቱን ይዞ ከመኪናው ላሜራ ጋር አጋጨው። ደገመው። ሦስተኛው ላይ የኦርቪል ግራ ዓይን ደም ሞላ። መገላገል ነበረብኝ፣ ግን ቆሜ አየሁ።

የገላገለችው የዱዌይን ሚስት ሎሬታ ናት። የባሏን የተሰበረ ክንድ ይዛ ጎተተችው፤ ጮኾ ለቀቀ። ከዚያ ትንሿን መኪና ፈትታ ሁለቱንም የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ከተተቻቸው፣ ሐኪም ቤት ልታደርስ።

ኦርቪል ደም በሞላው አፉ፣ «ማግኔት ያለው መብራት አለ። ሳትበሳ ይለጠፋል» አለ።

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?»

«በየትኛው አፌ? መታኸው እኮ።»

ሎሬታ ሁለታችሁም ዝም በሉ ብላ ነዳች። በሳምንቱ መብራቱን ራሷ ለጥፋ፣ ቤት መኪናውንም ራሷ ነድታ ወጣች። የኦርቪል ግራ ዓይን ግን አልዳነም።