ውዱ ፊልትሮ

የተቃጠለ ዘይት ያስጠላኛል። ሽታው ያስጠላኛል፣ ጥቁረቱ ያስጠላኛል፣ ጥፍር ሥር ገብቶ በሳሙና አልወጣም ማለቱ ከሁሉም ይብሳል። ሥራዬ ወተት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሱሉልታ ገበሬዎች ሰብስቤ በአሮጌዋ ፒክአፔ ሰበታ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። ወተት የሌላ ነገር ሽታ ቶሎ ይይዛል፤ ስለዚህ ዘይት የነካው ነገር መኪናዬ ላይ አላስጭንም። ጉድ የሠራኝ ይኸው ንጽሕናዬ ነው።

ቡራዩ፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ዘይት መቀየሪያ አለ። መኪናዋ ለሥራው በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ትቆማለች፣ ዘይት ቀያሪው ከሥሯ ይገባል፣ የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ እኔ ራሴ አጠገቡ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ እገዛለሁ። የምቀይርበትን ቀን የሚወስንልኝ ጾም ነው። በጾም ወተት ገዢ ስለሚያጣ መኪናዋ ትቆማለች፤ ጾሙ ሲፈታ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሬ ሥራ እጀምራለሁ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከሞተ ስለቆየ፣ አዲሱ ፊልትሮ ከመታሰሩ በፊት ቆርቆሮው ላይ በምስማር «ገና»፣ «ፋሲካ» ወይም «ፍልሰታ» ብዬ እጭርበታለሁ። መቼ እንደቀየርኩ የማውቀው በዚያ ነው።

ባለሱቁ ሁልጊዜ ሁለት ፊልትሮ ያቀርብልኛል። ርካሹ በላስቲክ የተጠቀለለ ነው። ውዱ በሚያብረቀርቅ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ማኅተም ሁሉ አለበት። ርካሹን ሳነሳ ፊቱን ያጨማድዳል።

«ይሄ እኮ ወረቀት ነው። ለሞተርዎ አያዝኑም?»

አላዝንም ነበር። እጄ ጠባብ ነው፤ ለዓመታት ርካሹን ይዤ ወጣሁ።

አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ቀያሪው ከጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ዘይት እያንጠባጠበ ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። «ኦቦ፣ ይወስዱታል?»

«ኧረ ወዲያ! አንተው ጣልልኝ።»

«ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም» ይላል እየሳቀ። ከቆሻሻ የገላገለኝ ደግ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም ሳይገባ፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ለጥገና ወረደ። መካኒኩ ርካሽ ፊልትሮ ነው የበላው አለኝ። ማሠሪያ ገንዘብ አልነበረኝም። ባለቤቴ ከሠርጋችን ጀምሮ ከአንገቷ ወርዶ የማያውቀውን የወርቅ ሐብል አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሁለተኛ ርካሽ እንዳትገዛ» አለች።

ሐብሉን ሸጬ ሞተሩን አሠራሁ፤ ፍልሰታ ሲፈታም ውዱን ፊልትሮ ገዛሁ። ባለሱቁ በሁለት እጁ አስረከበኝ። ቀዩ ቀለሙ ፊቴን እስኪያሳየኝ ያብረቀርቃል። ልጭርበት ምስማሬን አውጥቼ ነበር፤ አሳሳኝና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ካርቶኑንም እዚያው ትቼ ሄድኩ።

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ወተቱን ጭኜ ከሱሉልታ ስወጣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ጥግ ይዤ ከማቆሜ በፊት ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። መካኒክ ተጠርቶ እስኪመጣ ፀሐዩ ወተቱን አበላሸው። መካኒኩ ትኩሱን ፊልትሮ በጨርቅ ይዞ ሲፈታው ቀዩ ቀለም ከጨርቁ ጋር ተላጠ። ከሥሩ ነጭ ቆርቆሮ ወጣ። ቆርቆሮው ላይ በምስማር ተጭሮ «ፋሲካ» ይላል።

መካኒኩ በመጋዝ አናቱን ቆረጠው። ውስጡ ያለው ወረቀት አብጦ፣ በስብሶ፣ ዝልግልግ ብሏል፤ ቤንዚንና የልብስ ሳሙና ይሸታል። «አጥበውት ነው። ብጥስጣሹ የዘይቱን መንገድ ዘጋው» አለኝ። ካቻምና በፋሲካ በርካሹ ዋጋ ገዝቼ፣ ተጸይፌ የጣልኩትን ነገር፣ በውዱ ዋጋ መልሼ ገዝቼዋለሁ።

በላስቲክ ጠቅልዬ በታክሲ ቡራዩ ወረድኩ። ቀያሪው አልካደም።

«ኦቦ፣ እኔ አጥቤ ነው የማስረክበው፤ ቀለሙን የሚቀባው ባለሱቁ ነው። ካርቶን እንደሆነ ሰዉ እዚሁ ጥሎ ይሄዳል። እርስዎስ ትተው አይደል የሄዱት?»

ሱቁ ገባሁና ፊልትሮውን ከላስቲኩ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ባለሱቁ ጽሑፉን አየ፣ እኔን አየ። ሊያፍር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ሁለት ፊልትሮ አወረደ፤ አንዱ በላስቲክ፣ አንዱ በካርቶን።

«ልቀይርልዎት። የቱን ይፈልጋሉ?»

ወለሉ ላይ ተፋሁ። በሕይወቴ ሰው ቤት ውስጥ ተፍቼ አላውቅም። ዘይቱ እየተንጠባጠበብኝ ፊልትሮዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ሸሚዜ ሲቆሽሽ እንኳ ግድ አልሰጠኝም።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት አልኳት።

«ርካሹን ነው የገዛኸው?» አለች።

ፊልትሮውን ፊቷ አስቀመጥኩት። ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ይሄ ያንተ እጅ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?»

ነው አልኳት። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ ባዶውን ዳበሰና ተመለሰ።