ከሕያዋን ስም ጋር የጠራናቸው

ከቡሬ ገጠር የወጣነው ሦስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ፊደል የቆጠርኩ ገበሬ። ሁለተኛው ድንበርተኛዬ አለነ ነው። ሦስተኛው ሙሉቀን ይባላል፤ ድቁና ተቀብሎ ሳለ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ አስኳላ የገባ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና የጣለው ልጅ። ከኋላ የቀሩት ደግሞ ልጄ ብርቱካንና የአለነ ሚስት ጥሩዬ ናቸው። ጥሩዬ የብርቱካን የክርስትና እናት ናት፤ ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ደግሞ እናትም ሆናታለች።

የወጣን ምሽት ጥሩዬ በሶ ቋጠረችልን። ልጄ አላለቀሰችም። «አባባ፣ ሲደርሱ ይደውሉ» አለችኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። መሬታችን ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን የበሬ መመለሻ አጥቶ ነበርና አለመሄድ አልቻልንም። መተማ ደረስን፣ ድንበሩን በእግር ተሻገርን፣ ካርቱም ገባን። ያላየው ሰው መንገዱን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ ያየው ያውቀዋል።

እናንተ በአገር ያላችሁ፣ የእኛን ደጋ ነፋስ አታማርሩ። እዚህ ጥላ ራሱ ያቃጥላል። ኪስራ የሚሉት እንጀራ ዐይን የለውም፣ ወጥም አይዝም። ሰላምታቸውን ግን አልነቅፍም፤ የቤተሰብህን ደህንነት ጠይቀው ሲጨርሱ ወደ ከብቶችህ ለመሻገር ጥቂት ነው የሚቀራቸው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ወሬ ደረሰን። የአጥቢያችንን ሰዎች ከገበያ የጫነ አይሱዙ ከቡሬ ወደ አባይ በሚወርደው ቁልቁለት ተገልብጦ ብዙ ሰው አልቋል። ጥሩዬና ብርቱካንም አብረው ተሳፍረው ነበር። ከዚህ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ብንደውል ብንደውል ስልኩ እምቢ አለ።

ጠዋት የምንሠራበትን የጡብ ሥራ አለቃ ፈቃድ ለመንኩት።

«ሰው ሞቶብናል» አልኩት።

«ማን?»

«የአገሬ ሰዎች።»

«ወንድምህ ነው?»

«አይደለም።»

«ልጅህስ?»

«አላውቅም።»

«ስታውቅ ና» አለኝና አካፋውን ሰጠኝ።

በአገራችን ቢሆን ለቅሶ ቤት ይኬዳል፤ ምንም ባትናገር መሬት ላይ መቀመጥህ ይበቃል። እዚህ የምንቀመጥበት መሬት እንኳ የሰው ነው። ስለዚህ አገር ሲጨነቅ፣ ዝናብ ሲቀር እንደምናደርገው ምህላ እንያዝ አልኩ።

«ጋሼ» አለኝ ሙሉቀን፣ «እግዚኦታ አይሱዙ አያነሳም። ይልቅ ለቁስለኞቹ መድኃኒት እንላክ።»

«እንልካለን። መድኃኒቱ ግን ነገ ነው የሚሄደው። ዛሬ ማታ አለነ የት ይቀመጥ?»

ሙሉቀን ነጠላ ፍለጋ ተነሳ።

ማታ የጎጃም ልጆች ሁሉ ሰምተው ግቢው ሞላ። አከራያችን ሐጂው ከተፍ አሉ።

«አንተ ሐበሻ፣ ያከራየሁት ለሦስት ሰው ነው። ሠርግ አለ?»

«ጸሎት ነው፣ ሐጅ።»

«የሚጸልይ ሰው ሽንት ቤት አይገባም?»

ሙሉቀን በተሰባበረ ዓረብኛ የሆነውን ነገራቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«የሞቱት ሁሉ ዘመዶቻችሁ ናቸው?»

«ሁሉም።»

ሄደው ሰሌን ይዘው ተመለሱ፣ በእጃቸው አነጠፉልን፣ ከበሩ አጠገብ ቆመውም መዳፋቸውን ዘረጉ። ስለ ሽንት ቤቱ ግን ሁለተኛ ሳያስጠነቅቁ አላለፉም።

ቄስ ስላልነበረን ሙሉቀን ፊት ቆመ። «የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ» አለ፤ ወደ አለነና ወደ እኔ ዞሮም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሕያዋን ልጥራቸው ወይስ ከሙታን?»

ያለ ምክንያት አልጠየቀም። በእኛ ዘንድ ሕያውን ከሙታን መጥራት ጉድጓድ መማስ ነው፤ የሞተውንም ከሕያዋን መጥራት ነፍሱን ከደጅ ማቆም ይመስለናል። አለነ አየኝ። «ከሕያዋን» አለ። እኔም «ከሕያዋን» አልኩ። ወለተ ጊዮርጊስ ጥሩዬ ናት፤ ወለተ ማርያም ልጄ። በሁለቱ ስም ጉልበታችን እስኪዝል ሰገድን።

ከቀናት በኋላ ሥራ ላይ እያለን ስልኬ ጮኸ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነው ያለሁት። እጄ ነው እንጂ ደህና ነኝ።»

አፌን ለተመስገን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ጋሽ አለነ አጠገብዎ ናቸው?»

«አለ።»

«እንዳይሰሙ፣ አባባ። የክርስትና እናቴ አቅፈውኝ ነበር። ስንወድቅ ከሥር የሆኑት እሳቸው ናቸው።»

አለነ አካፋውን ተደግፎ ፊቴን ያነብ ነበር። በአንድ ሰሌን ላይ፣ በአንድ ቃል ነው የለመንነው። እግዚአብሔር የእኔን ሰምቶ የእሱን ገፋ የሚል ሰው ቤቴ አይግባ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ስነግረው ብቻውን እንዳልወደቀ ነው፤ በምህላው ማታ አብረውት የሰገዱት ሁሉ ሰምተው መጥተው ያዙት። ሙሉቀንም ማንም ሳያዘው ቆሞ ወለተ ጊዮርጊስን ከሙታን ጋር ጠራት።

ያ ቁልቁለት አጥቢያችንን ብዙ ሰው አስከፈለ። ልጄን የቀኝ እጇን ጣቶች፣ አለነን ሚስቱን አስከፈለ። እኔ ከአለነ ጋር እስካሁን በአንድ ክፍል እኖራለሁ፤ ልጄ በደወለች ቁጥር ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ እወጣለሁ፣ ተመስገን የምለውም በሹክሹክታ ነው።