የንግሥቲቱ ሁለተኛ ፍጻሜ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ታርኔት፣ የምንኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ ዳርቻ። የጎረቤቴ የሱኒታ በር ሲከፈት በዘይት የሚንጣጣ የሰናፍጭ ፍሬ ሽታ ተቀበለን፤ በቴሌቪዥኑም የጥንቱን የሂንዱ ገድል በአዲስ መልክ የሚያቀርበው ተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ክፍል ይጀምር ነበር። ፉትስክሬይ ላይ ባቡር ቀይራ ከኬንሲንግተን የመጣችው ታላቅ እኅቴ፣ እትዬ ዘነበች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እኔ ግን ሽታውን ገና እንደ ሳብሁ በልጅነቴ ከተማ፣ አሰላ ነበርሁ።

እንግሊዝኛ ያስተማረችን ሕንዳዊቷ ሚስ ናሊኒ ልብሷ ይህንኑ ሽታ የያዘ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ፣ ሰዋስው እኛንም እሷንም ሲሰለቸን፣ መጽሐፉን አጥፋ ስለ ተሰደደው ልዑል፣ ባሕር ማዶ ስለ ተጠለፈችው ሚስቱና ስለ ታማኙ ዝንጀሮ ትተርክልን ነበር። እኔም ታሪኩን ቤት ወስጄ በአማርኛ እደግመዋለሁ። እናቴ የቅዱስ ገድል መስሏት ፈትሏን አቁማ «በዓሉ በስንት ይውላል?» አለችኝ፤ ጥያቄውን ባደርስ ሚስ ናሊኒ ስቃ ስቃ «በአሥራ ዘጠኝ» አለች። እናቴ እፎይ አለች፤ ከገብርኤል ጋር ስለ ተደረበ ሌላ የሥራ ቀን አያስፈታትም።

በዚያ ሰሞን እትዬ ዘነበች፣ ባሏ የሰፈር ሐሜት ሰምቶ አባርሯት፣ እኛ ዘንድ ነበረች። ምስር እየለቀመች ታዳምጣለች፤ ሐሙስ ሲመሽ ግን «ነገ ምን ትሆን ይሆን?» ትለኛለች፤ ከቤቷ መባረሯንም ይህን ጥያቄዋንም ለሚስ ናሊኒ ነግሬያት ነበር። በመጨረሻዋ ዓርብ ያቺ ተጠልፋ የነበረችው ንግሥት፣ ንጽሕናዋ እንዲመሰከር የገባችበት እሳት ሳይነካት ወጣች፤ ባሏ በሕዝብ ፊት አክብሮ ወሰዳት፤ ዘውድ ደፉ፤ አለቀ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲመጡ እኅቴ «ያዋረደኝ በሰው ፊት ነው፤ በገበያ ቀን፣ በበቅሎ፣ በሰው ፊት ይመልሰኝ» አለች። መለሳት። እስኪሞት አብረው ኖሩ።

ተከታታይ ፊልሙ ደካማ ነው፤ ይህን ለመናገር አላመነታም። ሰይፍ በተመዘዘ ቁጥር ሰማይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዲት እንባ ጉንጭ እስክታቋርጥ ሻይ ይቀዘቅዛል። የሱኒታ ልጅ ያዋሰችኝ፣ ንግሥቲቱ ራሷ የምትተርክበት ልብ ወለድ እጅግ ይሻላል። በሁለቱም ግን ታሪኩ ዘውዱ ላይ አይቆምም። ሐሜቱ እንደ ገና ይነሣል፤ ንጉሡ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ጫካ ይሰዳል፤ ከዓመታት በኋላም ንጽሕናሽን ዳግም አስመስክሪ ሲላት መሬትን ጠርታ ወደ ውስጧ ትገባለች።

ሱኒታ «አንክል» እያለች በእንግሊዝኛ ታስረዳኛለች፤ እኔ ለእኅቴ እተረጉማለሁ። እዚያ ስንደርስ መተርጎሜን አቆምሁ። ሕይወቷን በመጀመሪያው ፍጻሜ ላይ የሠራችን ሰው በሰማንያ ዓመቷ ሌላ ፍጻሜ ማሰማት ተገቢ መሆኑን ተጠራጠርሁ።

«ምን አለች? ተናገር እንጂ፣ አንተ ፕሮፌሰር! ወሬ መቆጠብ ከመቼ ጀመርህ?»

ሳላጎድል ተረጎምሁ።

«የእኔው እንኳ አንዴ ነው ያበደው» አለች። ሱኒታ ትርጉሙን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኅቴ ግን ቀስ ብላ፣ «እኒያ አስተማሪህ ይህን ቢነግሩህ ኖሮ አልመለስም ነበር» አለች። ተመስገን ማለቷ ይሁን መቆጨቷ ከፊቷ አልተነበበም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ ታሪኩ ሙሉውን በስልክ ይገኛል፤ የፈለገ በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል። እናቴ ግን የለችም፤ የአሰላው ቤት ፈርሷል፤ ለማንም ተሸክሜ የማደርሰው ዓርብም የለኝም።

ሚስ ናሊኒ ሁለተኛውን ፍጻሜ አታውቀው እንደ ሆነ፣ ወይም ስለ እኅቴ ብላ አስቀርታው እንደ ሆነ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።