አልረግምም ያሉት ጠንቋይ

ባለፈው ሳምንት የሮም ሜትሮ ፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ላይ ቆመና ሁላችንንም አወረደን። ሾፔሮ፣ ማለት የሥራ ማቆም አድማ፣ ይሁን ብልሽት የነገረን የለም። ምትክ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰልፍ አይቼ ተስፋ ቆረጥኩና መንገዱን በእግሬ ተያያዝኩት። በሃምሳ ዓመት ጉልበት ይህ ቀልድ አይደለም። እያነከስኩ ስሄድ ከጎሚስታው በላይ ያለውን ሁለተኛ ፎቅ አየሁት፤ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል። እኔ ወጣትነቴን ያደከምኩት እዚያ ነው።

ቤቱ የቪዲዮ ጌም አሳታሚ ነበር። አሳታሚ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኩባንያ ሮም ላይ የከፈተው ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ስድስት ሰዎች ነበርን። ሌላ አገር የተሠራ ጌም ይመጣል፣ ጣልያንኛ ድምፅ እናስገባለታለን፣ በካርቶን አሽገን ለሱቅ እንልካለን። የእኔ ሥራ መፈተሽ ነበር። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ የሚያገኙኝ ያገሬ ልጆች «እየተጫወተ ደመወዝ ይበላል» እያሉ ይቀኑብኝ ነበር። አንዱን ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘሉ መዋል ምን እንደሆነ ማን ያስረዳቸው። እስከ ዛሬ ጌም ሳይ ያዛጋኛል።

ውሌ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነበር፤ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ደግሞ በውሌ ላይ ተንጠልጥሏል።

አንድ ጊዜ እናት ኩባንያው የራሳችንን ጌም እንድናወጣ ፈቀደልን። ከተሸጠ ቅርንጫፉ ይቀጥላል፣ ካልተሸጠ ይዘጋል። ጌሙ ውስጥ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ጠንቋይ አለች፤ ተጫዋቹ በተሸነፈ ቁጥር ትረግመዋለች። አለቃችን ላውራ፣ ጠንቋይዋ ጣልያኖች በማያውቁት ቋንቋ እንድትናገር ፈለገች።

«ዳንኤል፣ ያገርህን አንዲት ሴት አምጣልኝ። ይሄ ካማረ ውልህን ቋሚ አደርገዋለሁ» አለችኝ።

እርግማኑን በጣልያንኛ ጽፋ ሰጠችኝ፣ ወደ አማርኛ መለስኩት። ዘርህ ይጥፋ፣ ደጅህ ይዘጋ፣ ወጥተህ አትመለስ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ተርሚኒ የማውቃቸውን እትዬ ጽጌን አሰብኩ። አልጋ ላይ የዋለች አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ያስታምማሉ፤ ነፃ የሚወጡት እንደ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ሲቆጡ ያስደነግጣል። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፣ ቀዝቃዛ ዝናብ ያካፋል። አይብ የሌለበት ፒዛ ሮሳ ገዛሁላቸውና ጣቢያው ጥግ ቆመው እየበሉ ወረቀቱን አነበቡት።

«ማንን ነው የምረግመው?»

«ጌሙን የሚጫወተውን ነው፣ እትዬ።»

«እሱ ማነው?»

«ያው ልጆች ናቸዋ። የጣልያን ልጆች።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ልጅ አልረግምም። የሦስት ዓመት ልጄን ለእህቴ ጥዬ የመጣሁ ሰው ነኝ።»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«አፌ ጨዋታ መሆኑን በምን ያውቃል?»

ለመንኳቸው። ፔርሜሶዬን አውጥቼ የሚያበቃበትን ቀን አሳየኋቸው። እንዲያውም ድምፄን ከፍ አደረግሁባቸው፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ፒዛቸውን ጨረሱ፣ ጣታቸውን ጠረጉ።

«ቁጣ ነው የፈለጉት? ቁጣውን እሰጣቸዋለሁ። ና እንሂድ» አሉ።

ማይክራፎኑ ፊት ቆሙና ሌባ እንደሚያባርር ሰው አምባረቁ። «እደግ! ተመንደግ! እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ! ወጥተህ በሰላም ግባ! እናትህ ባንተ ትደሰት!» ከመስታወቱ ወዲህ ላውራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማማ ሚያ፣ ምን እያለች ነው?»

«ዘርህ ይጥፋ» አልኳት። ቅጂው ከጽሑፉ ጋር አንድ ነው የሚለው ወረቀት ላይም ፈረምኩ።

ውሌ ቋሚ ሆነ፣ ፔርሜሶዬም ታደሰ። ጌሙ በመኸር ወጣና ገዢ አጣ። በጸደይ ከእናት ኩባንያው አንዲት አጭር ደብዳቤ መጣች፣ ቅርንጫፉ ተዘጋ። ቋሚ የተባለው ውሌ ዓመት አልሞላም። ከላውራ ጋር ወንበሮቹን ስናወርድ እውነቱን ልነግራት አስቤ ነበር፤ ደከመኝና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ መጋዘን፣ ጽዳት፣ እንደገና መጋዘን፤ አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሃያ ምናምን ዓመት እንዲሁ አለፈ።

እትዬ ጽጌ ዘንድሮ ከገና በኋላ አረፉ። ልጃቸው መሠረት ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ከሦስት ዓመቷ ወዲህ እናቷን ያየቻቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የእማዬ ድምፅ የተቀረጸበት ነገር የለዎትም?»

የለኝም ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጠንቋይዋ ትዝ አለችኝ። አሮጌ ጌም ኢንተርኔት ላይ የሚያከማቹ ሥራ ፈቶች አይጠፉም፤ ፈላልጌ አገኘሁትና ድምፁን ላኩላት።

በማግስቱ መልሳ ደወለች። «ከተርሚኒ ስትደውል ምርቃቱን ስትጀምር ሁሌ የስልክ ካርዱ ያልቅባት ነበር» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው ስሰማው ገና ትናንት ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ተኝቼም ሥራ ላይም አንድ ነገር አይለቀኝም። ያን ሐሙስ ፔርሜሶዬን ፊታቸው ዘርግቼ እንዲረግሙ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። እሺ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ለመሠረት የምልክላት የእናቷ ድምፅ «ዘርህ ይጥፋ» የሚል ነበር።