የጋሽ ደሳለኝ የቱቦ ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። የምትኖረው አየር ጤና አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ሁልጊዜ ጉልበቴን እየረገምኩ ነው የምወጣው። ገና ከበር ስገባ የወጥ ቤቱ ሲንክ አልወርድ ብሎ ቤቱ ተተራምሶ አገኘሁት። ምሳው ቀርቶ የሚወራው ስለ ቱቦ ነው። ባሏ አንድ ዱቄት ገዝቶ ጨምሮበት ነበር፤ ዱቄቱ ያመጣው ለውጥ ቢኖር ሽታ ብቻ ነው። በመጨረሻ በስልክ የተጠራ ወጣት መጣና ከቦርሳው ጥቅልል ሽቦ አወጣ። ጫፉን ቱቦው ውስጥ ከተተና እጀታውን ማዞር ጀመረ።

ሽቦው የቱቦውን ግድግዳ እየፋቀ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ስሰማ ዓይኔን ከወጣቱ እጅ ላይ መንቀል አቃተኝ። ልጄ ፊቴን አይታ ምን ሆንክ ብትለኝ ምንም ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሌላው ሰው ወጣትነቱ ትዝ የሚለው በዘፈን ወይም በሽቶ ነው። እኔ ደግሞ በተደፈነ ቱቦ፤ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ የደረሰኝ ይኸው ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ቤታችን ቀራንዮ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ቤት በአንድ አጥር የያዘ ግቢ ውስጥ። ከፍ ብሎ የተሠራው ቤት የጋሽ ደሳለኝና የባለቤታቸው የእትዬ አስቴር ነበር። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሁድ እሁድ መዝሙራቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እኛ ከስልጤ የመጣን ሙስሊሞች ነን፤ አባቴ አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በበዓል ሰሃን እንለዋወጣለን፤ ሥጋው ሲቀር ማለቴ ነው። የሁለታችንም ፍሳሽ፣ የጣራው ውሃ ጭምር፣ ግቢው መሐል ባለች አንዲት ማንሆል ይገናኝና መሬት ለመሬት ሄዶ ከበሩ ውጭ ያለው ቦይ ውስጥ ይወድቃል። የእኛ ቤት ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ቱቦው በተደፈነ ቁጥር የሁለት ቤት እጣቢ የሚመለሰው በእኛ መታጠቢያ ክፍል ቀዳዳ ነበር።

ጋሽ ደሳለኝ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ መካኒክ ነበሩ። ያንን ቱቦ በእጃቸው ቆፍረው የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ ለሚደፈንበት ቀንም መክፈቻውን ሠርተው አስቀምጠውለታል። ረጅም፣ የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ ነው፤ ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ ተጠቅልሏል፤ በዚህኛው ጫፍ ደግሞ የሚዞር እጀታ በይደውበታል። ሰፈሩ በሙሉ ይዋሰው ነበር። እሳቸውም ሳያሾፉ አይሰጡም፤ ምን ብትበሉ ነው ቱቦ የሚያንቃችሁ እያሉ ይስቁና፣ ሽቦውን ከአልጋቸው ሥር ጎትተው ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ቅባት የጠጣ ዕቃ አልጋ ሥር በመቀመጡ እትዬ አስቴር ዕድሜ ልካቸውን ሲነጫነጩ ኖረዋል።

በነሐሴ፣ ደህና አምሽተው የተኙት ጋሽ ደሳለኝ ጠዋት አልነቁም። አንድያ ልጃቸው ዳዊት ጅማ ይሠራ ስለነበር ቀብሩ እሱ እስኪደርስ ለማግስቱ ተላለፈ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። በደጉ ጊዜ ድንኳን የሚተከለው መንገዱ ላይ ነው፤ ያን ሰሞን ግን ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት እግር የሚያስቆም ቦታ ስላልነበር ግቢው ውስጥ ተከሉት። ጎረምሶቹ የብረት ካስማውን በማርቴሎ እየመቱ ሲያስገቡ እኔም ገመድ ወጥሬያለሁ። ቱቦው በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁት ሰው አንድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቤት ውስጥ ተገንዘዋል።

እኛ ቤት ደግሞ አራስ ነበረች። ታላቅ እህቴ ነጃት የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታ፣ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ምጡ ክፉ ነበር። ብዙ ደም ስለፈሰሳት አዋላጇ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ ብትንቀሳቀስ ደሙ እንደገና እንደሚጀምር ነግራናለች። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ የመጣች፣ ክብደት የሌላት፣ በጥጥ ተጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ የምትውል ነበረች። ብርድ እንዳያገኛት ሁላችንም በር ስንከፍትና ስንዘጋ እንኳ እንጠነቀቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ለነጃት አጃ ልታሞቅ ስትነሳ እግሯ ውሃ ረገጠ። ከመታጠቢያው ቀዳዳ ጥቁር ውሃ እየገነፈለ አራሷ ወዳለችበት ክፍል ገብቷል። በላዩ ላይ የላይኛው ቤት የለቅሶ ንፍሮ ፍሬ ተንሳፍፏል። ያን ንፍሮ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ላይ ቤት ሰሃን በታጠበ ቁጥር፣ ከጣራ ዝናብ በወረደ ቁጥር፣ ሁሉም የሚመጣው ወደ ነጃት አልጋ ነው። አልጋውን በብሎኬት ከፍ አደረግነው። በባልዲ እየቀዳን በመስኮት ብንደፋም የምንደፋውና የሚገባው እኩል ሆነብን። ወደ ጎረቤት እንዳንወስዳት በዚያ ጭቃ ማንቀሳቀሱ ራሱ ሊገድላት ይችላል። የሚቀርበው ደረቅ ቤት የእነ እትዬ አስቴር ነው፤ ግን አራስ አስከሬን ያለበት ቤት አትገባም።

ሽቦው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ያለበት ቦታም አብሮ ትዝ አለኝ።

ላይ ቤት ስገባ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው በዝግታ ይዘምራሉ። የጋሽ ደሳለኝ አስከሬን በነጭ ተሸፍኖ አልጋው ላይ ነው። እትዬ አስቴር አጠገብ ተንበረከክሁና፣ ቱቦው መደፈኑን፣ ውሃው ነጃት ጋ መግባቱን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። የሚሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። ልነሳ ስል ግን፣

"አልጋው ሥር ነው፣ ከድር። ግባና ውሰድ" አሉኝ።

በደረቴ ተስቤ አልጋው ሥር ገባሁ። መዝሙሩ ቆመ። ከላዬ ያሉት ማን እንደሆኑ እያሰብኩ፣ አልጋውን እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ፣ ጨለማ ውስጥ ሽቦውን በእጄ ፈለግሁ። ሳወጣው ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳና አንዲት ሴትዮ በድንጋጤ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

የማንሆሏን ክዳን አንስቼ ሽቦውን ወደ በሩ አቅጣጫ ሰደድሁት። ሄደ፣ ሄደና ቆመ። ጨርቅ ወይም ጮማ ሲሆን ሽቦው ይሰምጣል፤ እጅ ያውቀዋል። ይኼ ግን ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ እንደሚሰማው ቀጭ አለ። ደግሜ ብሞክር እዚያው ቀጭ። ሽቦውን ከማንሆሏ አፍ ላይ በጣቴ ያዝኩና ስቤ አወጣሁት፤ በገባው ልክ መሬት ላይ፣ በቱቦው አቅጣጫ ዘረጋሁት። ጫፉ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ሥር ደረሰ። እግራችሁን አንሡልኝ ብዬ ጎንበስ ስል፣ የድንኳኑን ዋና ገመድ የያዘው ካስማ እስከ አንገቱ ተቀብሮ አየሁት። ቱቦውን ወግቶት ነው የቆመው።

ለአባቴ ስነግረው የያዘውን ባልዲ በመስኮት ደፋ። ከዚያ፣

"ውሃውን እንቀዳለን። የሰው ለቅሶ ድንኳን አንነካም፣ ወላሂ አንነካም" አለ።

አባቴን የማያውቅ ሰው ልበ ደረቅ ይለው ይሆናል። በዚያ ሰፈር ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ማንንም ላለማስቀየም ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ባንድ በኩል ልጁ፣ ባንድ በኩል የወዳጁ ሬሳ ሆነበት። ውሃው ብሎኬቱን ሊሸፍን ምንም አልቀረው። ነጃት ከንፈሯ ነጥቶ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ጣራ ጣራ ታያለች። ከውጭ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እኔ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ተናደድኩ። አባቴን ትቼው ወጣሁ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙላቱ የሚባሉ ረጅም ሰው ነበሩ። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ማዘናቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ግን አስከሬን ሳይወጣ ድንኳን ሲነካ አይተው እንደማያውቁ፣ ያ ካስማ ከተነቀለ ዝናብ ያዘለው ሸራ ለቀስተኛው ላይ እንደሚወርድ ነገሩኝ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እስከዚያ ታገሡ አሉ። ውሃው እስከዚያ አይቆይልኝም አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ።

እትዬ አስቴር በሁለት ሴቶች ተደግፈው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደወጡ ማንም አላያቸውም።

"የትኛው ነው ካስማው?" አሉ።

በእጄ አሳየኋቸው። ጋሽ ሙላቱ አንድ ነገር ሊሉ ሲጀምሩ አቋረጧቸው።

"እሱ ቢኖር ከሁላችሁ ቀድሞ ይነቅለው ነበር። ንቀሉት" አሉ።

ጋሽ ሙላቱ ጋቢያቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡና ገመዱን ካስማው አጠገብ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከኋላቸው ሌሎች ተደረደሩ። ዞር ስል አባቴም መጥቶ ከመሐላቸው ቆሟል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጥቁር ውሃ። ካስማውን በዶማ ቆፍረን ስንነቅለው ሸራው ዝቅ አለ፤ ገመዱ ሰዎቹን አንድ እርምጃ ጎተታቸውና ቆሙ። እኔ ወደ ማንሆሏ ሮጬ ሽቦውን መለስኩት። ካስማው በወጣበት ቀዳዳ አፈር ገብቶ ስለነበር አሁንም አልሄደም። እጀታውን ማዞር ጀመርኩ።

ዳዊት የገባው በዚህ መሐል ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ ሰው ነው፤ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ የአባቱ ድንኳን ጎብጦ፣ ሰው ገመድ ሲጎትት፣ እኔ ደግሞ በአባቱ ሽቦ መሬት ስሰረስር አየ። ሲመጣብኝ አየዋለሁ። ሽቦው በጣም ስለከረረ እጀታውን ብለቀው ተሽከርክሮ ይመታኛል፤ ስለዚህ አልተነሣሁም። ኮሌታዬን ጨምድዶ፣

"አባቴ ሳይወጣ ድንኳን ታፈርሳላችሁ?" አለኝ። እያለቀሰ ነበር።

እጀታውን አጥብቄ ያዝኩ።

"ዳዊት፣ ተወው። ታች ቤት ሕፃን አለች" አሉ እትዬ አስቴር ከበረንዳው።

እውነትም ልጅቷ ታለቅስ ነበር። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዝናቡ ውስጥ ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም። ዳዊት ሰማት። ኮሌታዬን ለቀቀና ቦርሳውን ጭቃው ላይ ጥሎ ወደ ገመዱ ሄደ። ከአባቴ እጅ ተቀብሎ እሱ ያዘው። አባቴም ወደ ነጃት ሮጠ።

ጥቂት ካዞርኩ በኋላ እጄ ላይ አንድ ነገር ላላ። ስስበው የተሰበረ የፕላስቲክ ቱቦ ስባሪ፣ አፈርና ጮማ የያዘ ጓል መጣ። ከዚያ ማንሆሏ ጉርርር አለችና ውሃው መውረድ ጀመረ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ ወረደልን አለችኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ካስማውን እንደገና የሚመታ ግን ጠፋ። በየት በኩል ቢመቱት ቱቦ እንደሚያገኙ ማን ያውቃል? ስለዚህ ሰዎቹ አስከሬኑ እስኪወጣ ገመዱን በየተራ ያዙት። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፤ ንፍሮ የሚበላውም በአንድ እጁ ይዞ ነው የሚበላው። እኔም ተራዬ ደርሶ ይዣለሁ። ዳዊት ግን ሬሳ ሳጥኑ በአጠገቡ እስኪያልፍ ለማንም አልለቀቀም።

ነጃት ዳነች። ልጅቷም አድጋ ራሷ ወልዳለች። ግቢው ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ዳዊትን አልፎ አልፎ ለቅሶ ላይ አገኘዋለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ሳስብ የማስበው ስለ ራሴ ነበር፤ ስለ ድፍረቴ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ኮሌታዬ። አምና ባለቤቴን ቀበርኩ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሰው ይመጣል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ቃሉ አይደርሰኝም። የገዛ ልጄ አጠገቤ ስትንሰቀሰቅ ውላ እንዳልሰማኋት በኋላ ነው የነገሩኝ። እትዬ አስቴር ግን ባላቸው አልጋ ላይ ተጋድመው፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ መሐል፣ ታች ቤት የምታለቅስ የሌላ ሰው ልጅ ሰምተዋል። እንዴት እንደሰሟት እስካሁን አላውቅም።