ቡትቶ የዋጣት ምስማር

ሶፋ ሠሪው ምስማር የሚይዘው በአፉ ነው። የድሮ ሶፋ ሠሪዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አንዱ እጅ ጨርቁን ወጥሮ ሌላው መዶሻ ሲይዝ፣ ምስማር የሚያቀብል ሦስተኛ እጅ ፈጣሪ አልሰጠም። ስለዚህ ሰባት ስምንት ጥቃቅን ምስማሮች ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ምላስ አንድ በአንድ ወደ ከንፈር ታወጣቸዋለች፤ ጫፉ ማግኔት የሆነው መዶሻ ከከንፈር ላይ ላፍ ያደርጋቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርቷል። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው፣ ጎረቤት እንዴት አደርክ ሲለው፣ መልሱ «እምም» ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህማ ምስማሩን የሚተፋው ለምሳ ብቻ ነው እያሉ ያሙት ነበር። ሐሜት ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ቡትቶን ያመጣችበት አንድ ልጁ ናት። አስተማሪ ናት፤ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ ልትቀጠር ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ ከመንገድ ዳር አንድ እፍኝ የምታህል ቡችላ አንስታ ከች አለች። ቡችላው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ለጥ አለ። ስሙ በዚያው ቡትቶ ሆኖ ቀረ።

«አባዬ፣ የምከራየው ቤት ውሻ አይፈቅዱም። ትምህርት እስኪዘጋ ብቻ ያዝልኝ። አደራህን!» አለችው ስትሄድ።

እሱም «እምም» አለ።

ውሻ መውደድ እሱን የሚመለከት ጉዳይ አልነበረም። መጀመሪያ ምግቡን አስቀምጦለት ዞር ይል ነበር። ከዚያ ሲበላ ማየት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ላይ ማንም ሳያየው ያወራው ጀመር፤ ስለ ስፖንጅ ጥራት፣ ጨርቅ መርጠው ከተወጠረ በኋላ ሐሳባቸውን ስለሚቀይሩ ደንበኞች። ቡትቶ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይሰማል፤ አይከራከርም፣ ይህም አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣውም ከዚሁ ወሬ ነው።

አንድ ጠዋት ሶፋ ሠሪው የአንድ ትልቅ ሶፋ መቀመጫ እየወጠረ፣ ሰባት ምስማር ጉንጩ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ቡትቶ ከጨርቁ ጠርዝ የተንጠለጠለውን ጥለት በጥርሱ ይዞ መጎተት ጀመረ። ጥለቱ ድንገት ሲለቅ ቡችላው በጀርባው ተንከባለለና አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ሶፋ ሠሪው ራሱን መቆጣጠር አቃተው። «አንተ ሌባ!» ብሎ በሳቅ ሲፈነዳ ምስማሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ቡትቶም የተጣለ ነገር ሁሉ የእኔ ነው ባይ ስለሆነ፣ ተነሥቶ ወለሉን ላስ ላስ አደረገ።

ሰውየው ተንበርክኮ ለቀመ። ስድስት። ከሶፋው ሥር አየ፤ ኪሱን ገለበጠ፤ ባለማግኔቱን መዶሻ ወለሉ ላይ አዟዟረው። ስድስት ናቸው። ቀና ሲል ቡትቶ አፉን እየላሰ ጭራውን ይቆላል።

ሰባተኛዋ የት እንደገባች ገባው።

ሙያውን ሲለማመድ እሱም አንድ ጊዜ ምስማር ውጦ ነበር። ያኔ አለቃው ሳይደናገጡ የተቀቀለ ድንች አብልተውት፣ «ድንቹ ይጠቀልላታል፣ ሥራህን ቀጥል» ብለውት ነበር። ከዚያ በኋላ የምስማር መድኃኒት ድንች መሆኑን ለአፍታ ተጠራጥሮ አያውቅም። ከትናንት የተረፉ ሁለት ድንቾች በወተት ፈጭቶ አቀረበ። ቡትቶ ዛሬ ምን ዓይነት የተባረከ ቀን ነው በሚል ዓይን እያየው ሳህኑን ጥርግ አደረገ።

አጠገቡ የምትሠራው ፀጉር ሠሪ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ እንዲህ ሆነ?»

«ምስማር ዋጠ።»

«ማን? እርስዎ?»

«ቡትቶ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ቁጭ ብለው ያበሉታል እንዴ? ኧረ ወደ ሐኪም ይሩጡ!»

ያገኘውን ጨርቅ ላፍ አድርጎ ቡችላውን ጠቀለለበት። ከፊቱ የነበረው የሶፋው ባለቤት ያመጣችው ቀይ ከፋይ ጨርቅ ነበር፤ እሱን ያስተዋለው የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ደርሶ ጠረጴዛው ላይ ሲፈታው ነው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጁን ታክላለች። የቡትቶን ሆድ በጣቶቿ እየዳበሰች፣ «ከዋጠ በኋላ የበላው ነገር አለ?» አለችው።

«ድንች። በወተት።»

«ማን ስጡት አለዎት?»

«አለቃዬ።»

«ሐኪም ናቸው?»

«ሶፋ ሠሪ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።»

ሐኪሟ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ ራጁ ዞረች። ራጁ ላይ ምስማሯ ከጎድኖቹ በታች፣ ጨጓራው ውስጥ፣ ከነራሷ ቁልጭ ብላ ታየች። ሶፋ ሠሪው እንደ ዘመድ ነው የለያት።

«ይስሙኝ አባት፣» አለች ሐኪሟ ዝግ ብላ። «ሆዱ ባዶ ቢሆን ኖሮ አደንዝዤው በቀጭን ቱቦ አሁኑኑ ባወጣኋት ነበር። ጠግቦ እያለ ባደነዝዘው ግን ያስመልሰዋል፤ ትውከቱ ሳንባው ከገባ ይሞትብኛል። እስከ ነገ ጠዋት መጠበቅ አለብን።»

«በገዛ እጄ ገደልኩት በይኛ።»

«አላልኩም። ብዙዎቹ በራሳቸው ያወጡታል። ሰፊው ራሷ ከቀደመ ሹሉ ከኋላ እየተጎተተ ይከተላል። ካስታወከ፣ ሆዱ ከጠነከረ ወይም ደም ካዩ ሰዓት ሳይመርጡ ይደውሉልኝ። ሌላው ደግሞ...» አለችና ፈገግ አለች፣ «የሚወጣውን ሁሉ መፈተሽ ነው። በደንብ።»

ቤት እንደገባ ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዝምታን ከእሱ በላይ የሚያውቅበት የለም። እሁድ እሁድ ልጁ ስትደውል የምታወራው እሷ ናት፤ እሱ «ደህና ነን» ብሎ ይዘጋል። ደግሞስ ነገ ምስማሯ ብትወጣ ማን ያውቃል? ባትወጣስ? አደራዋን በልቶ፣ ውሸት ጨምሮበት፣ በምን ዓይኑ ሊያያት ነው? ደወለ። ከሀ እስከ ፐ ነገራት፤ ሳቁን፣ ምስማሩን፣ ድንቹን። «በገዛ እጄ ነው ያበላሁት» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፤ እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ተቆረጠ።

«እሺ አባዬ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ተቀየመችኝ ብሎ ደመደመ።

ከሰዓቱን መዶሻ አልነካም። ወለሉ ላይ ስፖንጅ አነጠፈና ከቡትቶ ጎን ተቀመጠ፤ በየጊዜው ሆዱን ይዳብሳል፤ ቡትቶ ጨዋታ መስሎት ጣቱን ይነክሳል። ደጅ በወጣ ቁጥር ሶፋ ሠሪው ጋዜጣና ጉጠት ይዞ ይከተላል። ስንት የተከበሩ ቤቶችን ሳሎን ያሳመረ ሰው ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የውሻ ዓይነ ምድር ሲበትን ማየት ለፀጉር ሠሪዋ ደንበኞች ትልቅ መዝናኛ ሆነ። እሱ አፈረ እንዴ? ኧረ የት አባቱ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ሐኪሟ ሊሄዱ ሲሉ፣ ቡትቶ አጥሩ ሥር ሄዶ አጎነበሰ። ሶፋ ሠሪው ጉጠቱን ሰደደ። አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ወጣች! ወጣች እኮ!»

ፀጉር ሠሪዋ እልል አለች። አንዲት ደንበኛ ራሷ ላይ የሳሙና አረፋ እንደተቆለለ ብቅ ብላ «ምን ወለደች?» አለች። ሶፋ ሠሪው ምስማሯን በጉጠት ከፍ አድርጎ እንደያዘ ሲዞር፣ ልጁ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። በመጀመሪያው አውቶቡስ መምጣቷ ነው።

«ወጥታለች ልጄ፣ ይኸው እያት! እሱም ደህና ነው፣» አለ እየተንተባተበ። «ምነው ለውሻ ብለሽ ከሥራሽ ቀረሽ? በከንቱ አለፋሁሽ።»

ልጁ ቡትቶን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ዓይኗ ግን አባቷ ላይ ነው።

«ለውሻው አይደለም የመጣሁት፣» አለች።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እማዬ ስትሞት እንኳን ስታለቅስ ሰምቼህ አላውቅም። ትናንት ሰማሁህ።»

ሶፋ ሠሪው ጉጠቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ጎትታ ወደ ውስጥ ገባች።

«ያኔም አልቅሻለሁ፣» አላት። «አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ፣ ሱቁን ዘግቼ ነበር።»

ሊያቅፋት ሲጠጋ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» አለችው፤ እየሳቀች ነው፣ እንባዋም ይወርዳል። ታጠበ፤ አቀፋት። ከዚያ ቡትቶን ይዘው ለመጨረሻው ራጅ ወደ ሐኪሟ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቷ ሲያወራላት፣ ልጁ አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም።