ያለ ስንዴ በድሬዳዋ

ሐኪሙ «ስንዴ ለአንጀትህ መርዝ ነው» ባለኝ ማግስት ለባቡር ሥራ ድሬዳዋ ተዛወርኩ። ከዚራ ሰፈር ብሄድ ማካሮኒ፣ መጋላ ብሻገር ሳምቡሳና ፈጢራ፤ የት አባቴ ልብላ! ሦስት ቀን በሙዝ ብቻ ቆየሁ። በመጨረሻ ቀፊራ ገበያ ምግብ የሚሸጡት አዴ ፋጡማ ዘንድ ገብቼ ስንዴ እንደማልበላ ነገርኳቸው።

«ያለው እኛ የምንበላው የማሽላ እንጀራ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም» አሉኝ።

«እሱኑ ይስጡኝ!» ብዬ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ሳምንት ሙሉ እሳቸው ጋ በላሁ። ሆዴ ግን ጭራሽ ባሰበት፤ ቆሜ መሄድ አቃተኝ።

«አዴ፣ ማሽላውም ከዳኝ። ከእንግዲህ ምን ልብላ?» አልኳቸው፣ እንባዬ እየመጣ።

ክው አሉ። «ወላሂ ልጄ፣ ይሉኝታ ይዞህ መስሎኝ! ለእንግዳ ባዶ ማሽላ እንዴት አቀርባለሁ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግማሹ የፉርኖ ዱቄት ነው።»